ቧንቧው የጠጣው ቀይ ክር

ስለ ልጅነቱ ሲያወራ ፈገግ የሚል ሰው ያናድደኛል። ምን አግኝቶ ነው የሚስቀው? ስሜ ትዕግስት ነው፤ ያወጡልኝ ሰዎች ምን ተስፋ አድርገው እንደነበር አላውቅም፣ ግን አልያዘልኝም።

ባለፈው ሳምንት ኮዬ ፈጬ በምኖርበት ኮንዶሚኒየም ደረጃው ሥር አንድ ቧንቧ ሠራተኛ ተንበርክኮ የሚያንጠባጥብ መጋጠሚያ በከመነዳሪ ይጠቀልል ነበር። የመኪና ጎማ ውስጥ ያለውን ያን ጥቁር ላስቲክ ቆራርጦ፣ እየወጠረ፣ እየደራረበ። የእርጥብ ላስቲክና የዛገ ብረት ሽታ ድንገት አፍንጫዬን ሞላው። ሰውየው ፊቴን አይቶ "እህቴ፣ አሥር ደቂቃ ነው፣ ታገሺኝ" አለኝ። በእሱ አልነበረም የተቆጣሁት። ቤቴ ገባሁና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ ስድስተኛ ክፍል በነበርኩበት በጋ የሆነውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንደ አዲስ ተናደድኩበት።

ያደግኩት አቃቂ ነው፤ ከአስፋልቱ ወደ ወንዙ በሚወርድ ቁልቁለት ላይ፣ አሥራ አራት ቤት ባለበት አንድ ቅያስ ውስጥ። ውሃ ከእኛ አፈር ሥር ተስቦ ወደ መሃል ከተማ ይሄዳል ይባላል። ለእኛ ግን የሚደርሰን በፈረቃ ነበር፤ ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት ብቻ። በእነዚያ ሁለት ጠዋቶች አሥራ አራቱም ቤት ቧንቧውን ባንዴ ይከፍታል። ጀሪካኑ፣ ባልዲው፣ በርሜሉ፣ የሕፃን መታጠቢያው ሳይቀር ይደረደራል። ረፋዱ ላይ ቧንቧው ሁለት ሦስት ጊዜ ያስነጥስና ይደርቃል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ውሃ ካለ ሁሉም ቧንቧ ክፍት ነው፣ ውሃ ከሌለ ሁሉም ደረቅ ነው። በሚሄድ ውሃና በቆመ ውሃ መካከል ያለውን ልዩነት ያየ ሰው ከቅያሳችን አንድ ብቻ ነበር።

አባቴ የእድራችን ዳኛ ነበር። ዳኛ ሲሉት ስሰማ ፍርድ ቤት ያለው ዓይነት ዳኛ ይመስለኝ ስለነበር፣ የፈለገውን ሰው ቂሊንጦ ማስገባት የሚችል ይመስለኝ ነበር። አብረውኝ ለሚማሩት ልጆችም እንደዚያ ብዬ አስፈራራባቸው ነበር። ቤታችን ከቅያሱ ሁሉ ዝቅ ብሎ፣ ወደ ወንዙ የመጨረሻው ነው። ከእኛ ሦስት ቤት ከፍ ብሎ ደግሞ ጋሽ ንጋቱ ከሚስታቸው ከእትዬ ብርቄ ጋር ይኖሩ ነበር።

ጋሽ ንጋቱ ዕድሜያቸውን በሙሉ ክር ፋብሪካ ውስጥ የውሃና የእንፋሎት ቧንቧ ሲገጥሙ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ለወሬ የማይቸኩሉ። ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ፒንሳና ከፋብሪካው ዘመን የቀረ የቀይ ክር ጥቅል አይጠፋም። ቧንቧ ሲያጋጥሙ ጥርሱ ላይ ይጠመጥሙታል፣ ውሃ እንዳያሳልፍ። የቅያሱን ቧንቧ ሁሉ በነፃ የሚጠግኑት እሳቸው ነበሩ። ይህንንም ልብ በሉልኝ፤ በነፃ።

ኅዳር ላይ አሸዋ የጫነ መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ አስፋልቱ ዳር ያለውን የፍሳሽ ቦይ ደረመሰው። ቦዩን አቋርጦ የሚያልፈውን የእኛን ቧንቧም አብሮ ጨፈለቀው። እድሩ ተሰበሰበ። የተጨፈለቀው ቧንቧ አንድ ኢንች ነበር፤ እድሩ ዕቃ ቤት ውስጥ የተገኘው ግን ግማሽ ኢንች ነው።

ጋሽ ንጋቱ ተነሡና "በአንድ ኢንች ቦታ ግማሽ ኢንች አይገባም። ጉሮሮውን ታንቁታላችሁ" አሉ።

አባቴ ሳቀ። "ጋሽ ንጋቱ፣ እርስዎ የለመዱት እንፋሎት ነው። ውሃ እኮ ጉልበት የሚያገኘው ጠበብ ሲል ነው! እኛ ታች ያለነው ሰዎች ደግሞ ጉልበት ነው ያጣነው።" ወደ እኔ ዞረ። "ትዕግስት፣ ነይ እስቲ በጎማው አሳያቸው።"

እድሩ ግቢ ውስጥ ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ከተቀመጠው በርሜል የሚወርድ ጎማ ነበር። አሳየኋቸው። ጎማውን ዝም ብዬ ስይዘው ውሃው እግሬ ሥር ዝርግፍ ይላል። አፉን በአውራ ጣቴ ስደፍነው ግን ተፈናጥሮ አጥሩን ተሻገረ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እትዬ አስካለ "ይቺ ልጅ ኢንጂነር ናት!" ብላ ጮኸች። እትዬ አስካለ ማለት ወሬ በእሷ አፍ ካላለፈ ወሬ የማይሆንላት ጎረቤታችን ናት። በዕድሜ ታላቄ ናትና አንቱ ልላት ይገባኝ ነበር፤ አይወጣኝም። አባቴ ራሴን ደባበሰኝ። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ጋሽ ንጋቱ አላጨበጨቡም። ሲወጡ አጠገቤ ቆም ብለው "ነገ በጣትሽ ደፍነሽ አንድ ባልዲ ሙዪ። ከዚያ ሳትደፍኚ ሙዪ። እየቆጠርሽ" አሉኝ።

በማግስቱ ቆጠርኩ። ሳልደፍነው ባልዲው የሞላው አርባ ስቆጥር ነው። በጣቴ ደፍኜው ግን ዘጠና ደርሼም ገና ጎደሎ ነበር። ውሃውን አጥሩ ሥር ደፋሁትና ለማንም አልተናገርኩም። ማንም መቼ ጠየቀኝ ብዬ ራሴን አታለልኩ። ኢንጂነር ተብዬ አንድ ቀን እንኳ ሳይሞላኝ እንዴት ብዬ ነው የማፈርሰው?

ግማሽ ኢንቹ ተገጠመ። በመጀመሪያው ቀን ውሃው ከአየር ጋር እየተተፋ፣ እየተንጣጣ መጣ። "ጉልበት አገኘ!" ተባለ። በሁለተኛው ሳምንት ጀሪካን ለመሙላት ድሮ ከሚፈጀው እጥፍ ይፈጅ ጀመር። በታኅሣሥ ደግሞ ውሃው መሽተት ጀመረ። በመጀመሪያ እንደ እርጥብ ጨርቅ፣ በኋላ ያለ ጥርጥር እንደ ቦዩ። ልጆች መታመም ጀመሩ። የአራት ዓመቱ ወንድሜ ናሆም ሦስት ቀን ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው ከርሞ ጤና ጣቢያ ጉሉኮስ ተተከለለት። ዓይኖቹ ወደ ውስጥ ገብተው ነበር። ውሃ ስጡኝ እያለ ያለቅሳል፤ ከሰጠነው ያው ውሃ ነው።

አንድ ዓርብ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስወጣ ጋሽ ንጋቱ ቦዩ ውስጥ ቁጢጥ ብለው አገኘኋቸው። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበዋል።

"ቆጠርሽ?" አሉኝ ቀና ሳይሉ።

"ቆጠርኩ።"

"በጣትሽ ስትይዢው ቶሎ ሞላ?"

"ዘገየ።"

"ታዲያ የታለ ጉልበቱ?" አሉና ሳቁ። ከዚያ ቀስ ብለው አስረዱኝ። "የፋብሪካ ሠራተኛ ሲወጣ አይተሻል አይደል? ግቢው ሰፊ ስለሆነ እያወራ፣ ግድግዳውን እየተደገፈ፣ እየተንቀረፈፈ ይመጣል። ጠባቡ በር ጋ ሲደርስ ይሮጣል፤ ካልሮጠ ከኋላ ያለው አያልፍማ። እስቲ ንገሪኝ፣ የሚሮጥ ሰው ግድግዳ ይደገፋል?"

"አይደገፍም።"

"ውሃም እንደዚያው ነው። በሰፊው ቀስ ሲል ቧንቧውን ይደገፈዋል፣ ይገፋዋል። በጠባቡ ሲሮጥ መግፋቱን ይተዋል። ከታች አሥራ አራት ቤት ሲከፍትና ቁልቁል ሲጎትተው ደግሞ ጭራሽ ከውጭ ወደ ውስጥ ይስባል። ነይ፣ እይ።"

ግማሽ ኢንቹ የተገጠመበት መጋጠሚያ ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ነበረች። የቦዩ ፍሳሽ እየታከካት ያልፋል። ከስንጥቋ አንዲት ጠብታ አትወጣም። ጋሽ ንጋቱ ስንዝር የምታህል ቀይ ክር በጥሰው ጫፏን ሰጡኝ። "አጥብቀሽ ያዢ፣ እንዳትለቂ።" ሌላኛውን ጫፍ ወደ ስንጥቋ አስጠጉት። ክሩ ብድግ አለና ገባ። ማንም ሳይገፋው! ጣቴን ሲጎትተኝ ተሰማኝ። ቧንቧው ራሱ የተጠማ መሰለኝ፤ ስንት ዓመት ሰው ሁሉ ከእሱ ሲጠጣ ለእሱ ያጠጣው የለም ብዬ አሰብኩ። እንደዚያ እያሰብኩ ለቀቅኩት። ክሩ እልም አለ።

"አዬ ትዕግስት" አሉ ጋሽ ንጋቱ። አልተቆጡም። ከኪሳቸው ከመነዳሪ አውጥተው ስንጥቋን እየወጠሩ ጠቀለሏት። ያ ሽታ የዚያን ጊዜ ነው አፍንጫዬ ውስጥ የቀረው። "ይህ ለጊዜው ነው። ጠባቡ መነሣት አለበት። እኔን አባትሽ አይሰማኝም፤ አንቺ ያየሽውን ንገሪው።" እሺ አልኩ። አልነገርኩትም።

እኩለ ቀን ላይ ለምሳ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጩኸት ቅያሱን ሞልቶታል። እትዬ አስካለ ጠዋት ከሞላችው ባልዲ ውስጥ ቀይ ክር አግኝታለች። በእንጨት ጫፍ አንጠልጥላ፣ እጇን ዘርግታ፣ ከደጅ ደጅ ትዞራለች። "መተት ነው! ልጆቻችንን የፈጀው ይሄ ነው!" ቀይ ክር የማን እንደሆነ ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም ነበር። በዚያ ላይ ጠዋት፣ እኔ ከሄድኩ በኋላ፣ ታክሲ ስትጠብቅ ጋሽ ንጋቱን ቦዩ ውስጥ ከመነዳሪውን ሲያጠብቁ አይታቸዋለች። "በዓይኔ አየሁት! ቧንቧው ደረቅ ነው፣ ጠብታ አይወጣውም። ያልፈሰሰ ቧንቧ ምን ብሎ ነው የሚያስረው?"

እዚህ ላይ ብልህ የሚባሉት ሰዎች እንኳ አመኗት። እውነት ነው፤ ያልፈሰሰ ቧንቧ ማን ያስራል? እኔ መልሱን አውቅ ነበር። ክሩንም የለቀቅኩት እኔ ነኝ። እናቴ አፌ ሊከፈት ሲል አይታ ክንዴን ያዘችና "ዝም አይነቅዝም" አለችኝ በጆሮዬ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ! የእኔ ነቅዟል፤ እስከ ዛሬ ዱቄቱን እየተፋሁ ነው።

አባቴ ነገሩ እስኪጣራ ማንም ቧንቧ እንዳይከፍት አዘዘ። ማክሰኞ ጠዋት፣ ውሃው በሚመጣበት ሰዓት፣ ሰው ሁሉ ቦዩ ጋ ተሰበሰበ። ጋሽ ንጋቱ ካፖርታቸውን አድርገው መጡ። ተረጋግተው ነበር። "መተት የለም። ቧንቧው ፍሳሽ ይስባል። ክሩም የገባው እንደዚያ ነው። ኑ ቀረብ በሉ፣ አሳያችኋለሁ" አሉ። ወረዱና ከመነዳሪውን በቢላ ቆረጡት።

ውሃው ፊጭ ብሎ የአባቴን ፊት መታው።

ሳቅ ሆነ። ከሳቁ ቀጥሎ ደግሞ የባሰ ነገር መጣ። "አሁን በቢላው ቀደደው! እያያችሁት!" አለች አስካለ። ጋሽ ንጋቱ እጃቸውን ስንጥቋ ላይ ጭነው፣ ውሃው በጣቶቻቸው መሃል እየተረጨ፣ ይጮሁ ጀመር። ሲጮሁ ሰምቻቸው አላውቅም ነበር። "ከታች ዘግታችሁት ነው! የቆመ ውሃ ይገፋል! ክፈቱትና ይሂድ፣ ያኔ ታያላችሁ! ክፈቱ!"

ማንም አልተነቃነቀም። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ። በሰው መሃል ዓይናቸው እኔን አገኘኝ።

"ትዕግስት! አንቺ አይተሻል! ሮጠሽ ውረጂና ከታች ያሉትን ክፈቺልኝ!"

ቁልቁለቱ ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም። እግሬ ፈጣን ነው፤ በትምህርት ቤት ሩጫ የሚቀድመኝ አልነበረም። አባቴ ፊቱን በነጠላው እየጠረገ ወደ እኔ ዞረ። "አንቺ ምን አይተሻል?"

"ምንም" አልኩ።

አባቴ ወደ ጋሽ ንጋቱ ዞሮ "አንተ ሰውዬ፣ ልጄን ደግሞ በዚህ ታስገባለህ?" አላቸው። አባት የሚሆኑትን ሰው አንተ አላቸው። ጋሽ ንጋቱ እጃቸውን ከቧንቧው ላይ አነሡ። 

በዚያው ቀን ከእድር ተሰረዙ። ከእድር መሰረዝ ምን እንደሆነ ያኔም አውቅ ነበር። ሲሞቱ ጥሩምባ አይነፋላቸውም፣ ድንኳን አይተከልላቸውም፣ መቃብር የሚቆፍርላቸው የለም ማለት ነው። እትዬ ብርቄ ደጃፋቸው ላይ ቆመው "እኔስ? እኔንስ ማን ይቀብረኛል?" ሲሉ ሰማኋቸው። አባቴ መዝገቡን ዘጋ።

ሐሙስ ማታ እራት ላይ ለአባቴ ነገርኩት። ባልዲውን፣ ክሩን፣ የለቀቅኩት እኔ መሆኔን። ይመታኛል ብዬ ነበር። ጉርሻውን እንኳ አላቋረጠም። ዓርብ ጠዋት ግን ሁሉም ቧንቧውን ከፍቶ ሲቀዳ፣ ጋቢውን ደርቦ ወደ ቦዩ ወጣ። ተከተልኩት። ማክሰኞ ስንጥቋ የታሰረችበትን ጨርቅ ፈታ። ጠብታ አልወጣም። ከጋቢው ዘርፍ አንድ ክር መዘዘና አስጠጋ። ክሩ ብድግ ብሎ ገባ። አባቴ እንደ እኔ አልለቀቀም፤ ጎትቶ አወጣው። ደገመው። ሠለሰው። ከዚያ ክሩን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ጨርቁን መልሶ አሰረ።

"አባባ፣ እድሩን ጥራዋ" አልኩት።

"ዝም በይ።"

"ጋሽ ንጋቱ እኮ እውነታቸውን ነው!"

"ሰው ሁሉ ፊት ፈርጄ፣ አሁን ተሳስቻለሁ ልበል? ነገ ማን ይሰማኛል?" ጥቂት ከሄደ በኋላ ዞር ብሎ፣ ያለ ቁጣ፣ "አንቺም 'ምንም' ብለሻል" አለኝ።

ብዙ ሰው ክፉ ነገር ብሎኝ ያውቃል። እንደዚያ ቃል ያቃጠለኝ የለም። እውነት ነበራ!

ቅዳሜ አባቴ ሳሪስ አቦ ገበያ ሄዶ አንድ ኢንች ቧንቧ ይዞ መጣ። ለሰው የተናገረው "መተት የነካው ቧንቧ መነሣት አለበት" ብሎ ነው። ሁሉም መረቀው። ጠባቡ ተነቅሎ ሰፊው ሲገጠም ቆሜ አየሁ። ውሸቱ እንዴት እንደሚገጣጠም፣ አንድ ጠብታ እንኳ እንዳያፈስ ሆኖ እንዴት እንደሚጠብቅ አየሁ።

ሰኞ ጋሽ ንጋቱ ዕቃቸውን ጋሪ ላይ ጫኑ። አንድም ጎረቤት ሊያግዝ አልወጣም። እትዬ ብርቄ ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው ፍራሹ ላይ ተቀምጠዋል። ቦዩ ጋ ሲደርሱ ጋሽ ንጋቱ ጋሪውን አስቆሙት። ወርደው ቁጢጥ አሉና አዲሱን ቧንቧ በመዳፋቸው ያዙት። እኔ አስፋልቱ ዳር ቆሜ ነበር።

"አንድ ኢንች" አሉ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። "አባትሽ ክሩን አየ?"

"አየ።"

"ሲገባ?"

"ሦስት ጊዜ።"

እስኪረግሙን ጠበቅኩ። ቢረግሙን፣ ድንጋይ እንኳ ቢወረውሩ፣ ዛሬ የምይዘው ነገር ይኖረኝ ነበር። እሳቸው ግን ጉልበታቸውን ተደግፈው ተነሡና "እንግዲያስ ልጆቹ ይድናሉ" አሉ። ጋሪው ላይ ወጡ። ወዴት እንደሄዱ የጠየቀ የለም።

ማክሰኞ ውሃው መጣ። ሽታ የለውም። ጀሪካኑ ቶሎ ቶሎ ይሞላል። እትዬ አስካለ ባልዲዋን ይዛ ቅያሱ መሃል ቆመችና "አያችሁ? አያችሁ አይደል? እሱ በወጣ በማግስቱ ውሃው ጠራ!" አለች። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። አማተበ። አባቴም አማተበ።

ከዚያ ከእኛ ቧንቧ አንድ ብርጭቆ ሞላና ወደ ፀሐዩ ከፍ አድርጎ ለሰው አሳየ። ሰው ሁሉ እያየ ለእኔ ሰጠኝ። "ጠጪ፣ ኢንጂነሯ" አለኝ።

ቀዝቃዛ ነበር፤ ጥርት ያለ፣ ምንም የማይል። እስከ መጨረሻው ጠጣሁት።